የሸማ ተራ ካውያና የሐጂ ሰይድ ስዊች

ዓርብ ጠዋት ከኮልፌ ወደ መርካቶ የወጣሁት ሸማ ተራ ሱቅ ያላቸውን የሐጂ ሰይድን ስዊች ሶፍትዌር ላድስ ነበር። ስዊች የሕንፃውን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገናኝ ሣጥን ነው፤ የሐጂው ሰሞኑን እየደነዘዘ ሽያጭ ያስቆማል። ራጉኤል ጋ ከታክሲ ወርጄ ኪሴን ብዳብስ የወጣው ቀዩ ፍላሽ ነው፤ የልጅ ልጄ የልደት ዘፈን ያለበት! ሶፍትዌሩን የጫንኩበት ጥቁሩ ቤት ቀርቷል።

እንደገና ወደ ኮልፌ። ያው ያመጣኝ የታክሲ ረዳት ሲያየኝ፣ “ፋዘር፣ መርካቶ አልተስማማዎትም?” አለኝ።

“ጭንቅላቴን ቤት ረስቼው ነው።”

“እንግዲያው ሲመለሱ የሁለት ሰው ይከፍላሉ!”

ሸማ ተራ፣ ከጁምዓ በኋላ

ዕቅዴ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሶላት ላይ ሳለ መጨረስ ነበር። በዚያ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፤ ምድር ቤት ያሉት ልብስ ሰፊዎችም ስለሚሄዱ ካውያቸው ይቀዘቅዛል። ካውያዎቹ አንድ ላይ ከጋሉ የሕንፃው መብራት ድርግም ይላል። ሶፍትዌሩ እየተጫነ መብራት ከጠፋ ደግሞ ስዊቹ እስከ ወዲያኛው ላይነሳ ይችላል። እኔ ስደርስ ግን ሁሉም ከመስጊድ ተመልሷል፤ የካውያው እንፋሎት ይትጎለጎላል። ማታ እንዳልል፣ ለበዓል ሰፊዎቹ ሌሊቱንም አያርፉም።

“ጋሽ ታደለ፣ ነገ የበዓል ገበያ ነው” አሉ ሐጂ። “ይሄ ነገር ከሞተ እኔም አብሬው ሞትኩ።”

“ሐጂ፣ በዕድሜ ተራው የእኔ ነው፤ አይቅደሙኝ!”

ወደ ሰፊዎቹ አለቃ ወደ ሸምሱ ወረድኩ።

“ሸምሱዬ፣ ሻይ እስኪጠጣ ያህል ካውያውን ንቀሉልኝ።”

“ጋሼ፣ ደንበኛ ቆሞ?”

“ይቁም! ሱሪ ለብሶ የለ?”

“የሚቀርብኝን ሥራ ማን ይተኩስልኛል?”

“እኔ ነኛ! አንድ ቀን መጥቼ እተኩሳለሁ።”

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሸምሱ፣ “ሁላችሁም ምስክር ናችሁ!” ብሎ ነቀለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሽቅብ ሮጥኩ፤ ማለቴ፣ ጉልበቴ በፈቀደው ልክ። ሶፍትዌሩ ተጭኖ ሲያልቅ ስዊቹ እንደ ደንቡ ዳግም ሊነሳ ጠፋ፤ ጭልም አለ። ሐጂ ዱዓ ያዙ፤ እኔም በሆዴ ራጉኤልን ተማፀንኩ። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ አንዷ አረንጓዴ መብራት ብልጭ፣ ሌላዋም ብልጭ። ካሸሯ ከታች፣ “ሠራ!” ብላ ጮኸች። ሐጂ ጨምድደው ሲያቅፉኝ የተረፈችኝ ጎድን ተንቋቋች።

ኮልፌ፣ ማታ

ሐጂ ያስመጡልኝን ጥብስ በልቼ ቤቴ ገባሁ። ከእንግዲህ መርካቶ ስዊች ላድስ ስሄድ መጀመሪያ ምድር ቤት ወርጄ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ የዛሬው ትምህርቴ ይኸው ነው። ለሸምሱ ልተኩስ ቃል መግባቴን ለባለቤቴ ነገርኳት።

“አንተ?” አለች። “ሰውየው ምን በደለህ?”

ሸምሱ ግን ደውሎ ነበር። በዓሉ ሲያልፍ የሚጠብቀኝን ሱሪ ከምሮ አስቀምጦልኛል፤ ዕዳዬም እስካሁን አልተከፈለም።