ኮፈኑ ላይ የተጻፈው

ዴልማ ክሪቪን ግራጫዋን ፒካፕ ጋራዤ በር ላይ ያቆመችው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደችና «ስማው» አለችኝ። እንዴት አደርክ የለ፣ ደህና ነህ ወይ የለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ናት፤ ለምጄዋለሁ።

ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰማሁት። «ሞተሩ ጤነኛ ነው» አልኳት። «ቺንጊያው አርጅቷል፣ እሱን እቀይርልሻለሁ። ካምቢዮውን ግን በጆሮ ብቻ አላውቀውም። ውስጡ ምን እንዳለ ፈጣሪ ይወቅ።»

«እኔም የመጣሁት ለሱ ነው» ብላ ከወንበሩ ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አንስታ ደረቴ ላይ ለጠፈችልኝ። «ግራጫዋን ለሙከራ የሰጠኝ ሻጭ የጥገና ዋስትናም ጨምረሽ ግዢ ይለኛል። ሦስት ዓመት። እስከ ዓርብ ቀትር ካልፈረምሽ አይሆንም አለ። ምን ትላለህ?»

ዴልማ በዋንዳሪ ፖስታ የምታደርሰው ሴት ናት። ዋንዳሪ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ የኔ ጋራዥ ነው፤ አስፋልቱም መጠጥ ቤቱን አልፎ ብዙ አይሄድም። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀይ አቧራ የሷ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት መቶ አርባ ኪሎሜትር ዞራ አሥራ አራት የከብት እርባታ ቤቶች ታዳርሳለች። መድኃኒት፣ የልጆች የትምህርት ጥቅል፣ የፓምፕ ዕቃ፣ የገና ስጦታ፣ አንዴም የሙሽራ ቀሚስ። ጎርፍ በበዛበት ዓመት ወንዙ መንገድ ቢዘጋባት የከብት መመገቢያ ገንዳ አምጥታ፣ ፖስታውን ውስጡ ከታ በገመድ ወዲያ ማዶ አሻግራለች። ቁመቷ ትከሻዬ አይደርስም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እና ማንም «ደከመሽ ወይ» ብሎ ጠይቋት በሰላም የሄደ የለም።

የፖስታ ውሏ ግን ቀልድ አያውቅም። በተከታታይ ሁለት ዙር ካመለጣት ሥራው ከባሕር ዳርቻ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሚመጣ የጭነት መኪና ይወሰዳል። ያኔ ዴልማ ብሪዝበን ከተማ እህቷ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ መንገድ ስታይ መዋሏ ነው። «እዚያ ከምቀመጥ ጉድጓድ ቆፍሩልኝ» ትላለች። የድሮዋ ነጯ ፒካፕ በጥር ሻንሲዋ ተሰንጥቆ አበቃላት። ስለዚህ ግራጫዋ ከቆመች ዴልማም ቆመች ማለት ነው።

እስካሁን ይህን ጭንቀት የምይዝላት እኔ ነበርኩ። እኔ ሌን ፎስዳይክ ግን በወሩ መጨረሻ ልዘጋ ነው። ዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል፤ የማየው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ብሎን ስፈልግ ብሎኑ ያለበትን ጠረጴዛ አያለሁ፣ ብሎኑን አላየውም። ሐኪሟ አይመለስም ብላኛለች። እንዲህ ሆኜ የሰው ፍሬን ልነካ? ምን ቆርጦኝ።

«ግዢ» አልኳት። «እኔ ከሄድኩ ማን አለሽ? ካምቢዮው ቢሄድ ኩባንያው ይክፈል። ምኑ ያሳስባል?»

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

«ደውለን እንጠይቀው» አለች፣ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ሻጩ ብሮዲ ይባላል። ድምፁ የልጅ ነው፣ ግን ጨዋ ነው፤ ልዋሽበት አልፈልግም። እሷ ጥያቄዋን አከታተለችበት።

«አቧራ መንገድ ላይ ብበላሽስ?»

«የሕዝብ መንገድ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም፣ ወይዘሮ ክሪቪን።»

«ፖስታ ነው የምጭንበት። ለሥራ ነው።»

«እሱን ጨምሬ እጽፍልዎታለሁ። ይሸፈናል።»

«እሺ፣ አንተን ደስ እንዲልህ እኔ ምን ላድርግ?»

ሳቀ። «ሰርቪስ ብቻ አያምልጥዎት። በየአሥር ሺህ ኪሎሜትሩ፣ ፈቃድ ያለው ጋራዥ ሰርቶ የሰርቪስ ደብተሩ ላይ ማህተም ያደርጋል። በቃ። ይኼንን እርስዎም ያውቁታል መቼስ፤ ከዚህ በፊት ከኛ ጋር ዋስትና ነበርዎት። መዝገቡ አሁን ፊት ለፊቴ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት የካምቢዮ ክፍያ ጠይቀው ነበር፣ ተቀባይነት አላገኘም።»

ዴልማ ስልኩን ልትዘጋ እጇን ሰነዘረች። እኔ ቀደምኳት። «ለምን ተቀባይነት አላገኘም?» አልኩ።

«ማን ልበል ጌታዬ?»

«መካኒኳ ነኝ።»

«ደብተሩ ላይ አንድም ማህተም ስላልነበረ ነው» አለ። «ባዶ ነበር።»

ይኼን ለመረዳት የኛን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዋንዳሪ የሰርቪስ ደብተር የሚከፍት የለም። ሰርቪስ ስጨርስ ኮፈኑን አነሳና ከውስጥ በኩል ቀኑን፣ ኪሎሜትሩንና የሠራሁትን በማርከር እጽፋለሁ። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እዚህ አገር መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል፣ ያነባል፣ ከዚያ ስለ ዋጋ ያወራል። የነጯ ኮፈን ከዳር እስከ ዳር በኔ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ነበር። ደብተሯ ግን መሳቢያው ውስጥ ከነፕላስቲኩ ነበር። አንዴ «ደብተሩም አለ» ብላኝ ነበር፤ እኔም «ወረቀት መኪና አይጠግንም» ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩላት። ይኼንን ስናገር ራሴን የት እንደምደብቀው አላውቅም።

ስልኩ ተዘጋ። «ያኔ ኩባንያው ከፈለ ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«ብዬ ነበር።»

«ማን ከፈለ ታዲያ?»

«ካራቫኑ።»

ካራቫኑን አውቀዋለሁ፤ በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። እሷና ባሏ ኤርን አገሩን ሊዞሩበት አራት ዓመት ያደሱት ነው፤ መጋረጃውን ራሷ ነው የሰፋችው፣ የጎማዎቹን ዘንግ ከሥር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ኤርን ሳይነሱ ሞተ። እሷ ስትሸጠው «ብቻዬን የት ልሄድበት» አለችና ሁላችንም አመንናት። እኔ ራሴ ነኝ ከገዢው መኪና ጋር ያያያዝኩለት።

ተናደድኩባት፣ እውነቴን ነው። ጥፋቱ የኔ ሆኖ የተናደድኩት በሷ ነው። «ሰባት ዓመት ሙሉ አፍሽን ዘግተሽ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«አውቅሃለሁ እኮ» አለች። «ብነግርህ በዚያው ሳምንት ጋራዡን ትዘጋ ነበር። ታዲያ ካምቢዮውን ማን ይገጥምልኝ? የሠራኸው ሥራ እኮ ትክክል ነበር፣ ሌን። ከሁለት መቶ ሺህ ኪሎሜትር በላይ ነድቼበታለሁ። የጎደለው ማህተም ነው።»

«ማህተም አሠራለሁ። ነገ አሠራለሁ።»

«ልትዘጋ አይደል እንዴ፣ አንተ ጅል ሽማግሌ?»

ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ቺንጊያውን እስክቀይር ደጅ ቆመች፣ ሄደች። በማግስቱ ሐሙስ ግራጫዋን ይዛ ሙሉውን ዙር ዞረች። እኔ በዚያ ቀን ምንም አልሠራሁም። ቁጭ ብዬ ካራቫኑን ሳስብ ዋልኩ፣ ምሳዬንም ለውሻዬ ሰጠሁት።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ መጣች። አቧራው እስከ ቅንድቧ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ስልኩን አስቀምጣ ለብሮዲ ደወለች።

«ልጄ፣ መኪናዋን እገዛለሁ። ዋስትናውን አልፈልግም።»

«ወይዘሮ ክሪቪን፣ ያለፈው ነገር አስቀይሞዎት ከሆነ...»

«አልተቀየምኩም። ወረቀትህ ጥሩ ወረቀት ነው፣ አንብቤዋለሁ። ጎረቤቱ ጋራዥ ላለው ሰው ጥሩ ነው። እኔ አሥር ሺህ ኪሎሜትር በሦስት ወር ተኩል እጨርሳለሁ። ሌን ከዘጋ ማህተም ያለው ጋራዥ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎሜትር ነው፣ ቀጠሮውም እነሱ በፈለጉት ቀን። አንዱን ሰርቪስ ብዘል ወረቀቱ ሞተ። ደግሞስ መንገድ ላይ ብቆም ወረቀትህ ካምቢዮ ይከፍላል እንጂ ፖስታ አያደርስም። እኔን ከሥራ የሚያባርረኝ የሁለት ዙር መቅረት ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«በዋስትናው ዋጋ የሌንን መሣሪያ እገዛለሁ። ሁሉንም፤ ክሪኩን፣ ቁልፎቹን፣ ያንን ቀይ ሣጥን። ቅዳሜዎቹንም ጭምር።»

«ማን ይሸጣል አለሽ?» አልኩ።

«አንተ ዝም በል፣ ከልጁ ጋር እያወራሁ ነው።»

ብሮዲ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መልካም ዕድል ተመኘላት። ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች። «ዓይንህ ሄዷል፣ እሺ። ጆሮህ አለ። እጅህ አለ። አፍህማ አይነሳ፣ ከሁሉም በላይ ጤነኛ እሱ ነው። እኔ ዓይን አለኝ። ትዕዛዙን አንተ ስጥ፣ ብሎኑን እኔ አገኘዋለሁ። ባሌ ሲሞት ማንም አላሳየኝም እንዴት እንደምኖር፤ ተምሬዋለሁ። ይኼ ያንን ያህል ከባድ ነው?»

«ከባድ ነው» አልኳት።

«ደስ ይላል» አለች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የኤርንን ቱታ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ ለብሳ ትመጣለች። ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ እጮሃለሁ። መጀመሪያ ቀን ካንዴላ ስትፈታ አንዱን ሰበረችና ጥፋቱን በኔ ጩኸት አሳበበች። በሁለተኛው ወር ዘይትና ፊልትሮ በአርባ ደቂቃ መቀየር ቻለች። ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ዘይት ጣቷ ላይ አድርጋ ትቀባኝና «ምን ይላል?» ትለኛለች፤ በጣቴ አሽቼ የብረት ብናኝ የለውም እላታለሁ። እጇ ጠንካራ ነው፣ ከኔ ይልቅ ትዕግሥት አላት። ይኼንን ለራሷ አልነገርኳትም፣ ትታበያለች።

የመጀመሪያውን ሰርቪስ ስንጨርስ ኮፈኑን አንስታ ማርከር እጄ ላይ አስያዘችኝ። በግምት ጻፍኩ። ጠማማ እንደነበር ቃል ሳታወጣ አወቅሁ፣ እየሳቀች ነበር። ከዚያ የሰርቪስ ደብተሩን ከነፕላስቲኩ አመጣችና ፕላስቲኩን ቀደደችው። «እዚህም ይጻፋል» አለች። «ማህተም ባይኖረውም ይጻፋል። ቀጥሎ የሚገዛት ሰው ይፈልገው ይሆናል።» ደብተሩን ራሴ ያዝኩላት።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ዴልማ ዘገየች። መጠጥ ቤቱ ደጅ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አሥር ሰዓት አለፈ፣ አሥር ተኩል ሆነ። ከዚያ ሞተሩን ሰማሁት፣ ከሩቅ፣ ጤነኛ። መጥታ ፊቴ ቆመችና ኮፈኑን ብድግ አደረገችው።

«አዲስ መስመር አለ» አለች።

እጄን ሰደድኩ። ብረቱ ትኩስ ነው። ጽሑፉን በጣቴ ልዳብሰው ሞከርኩ፣ ማርከር በጣት አይነበብም። «አንብቢልኝ» አልኳት።

ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሚያዝያ ስምንት። መቶ ስልሳ ሁለት ሺህ አራት መቶ። የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ፈነዳ፣ ከኬኒፍ የከብት እርባታ ቤት በር አሥራ ሁለት ኪሎሜትር ላይ። እስኪቀዘቅዝ ተጠበቀ። ተቀየረ። ፖስታ አርባ ደቂቃ ዘገየ፣ ሁሉም ደረሰ።»

«የሠራው ሰው ስምስ?» አልኩ። «ሁልጊዜ ስም ይጻፋል።»

«ተጽፏል» አለች። «ዴልማ ክሪቪን ይላል።»

«ድገሚው» አልኳት፣ ደገመችው።