በማስመሪያ የተከፈለው መጠይቅ

የማስሞላው መጠይቅ ሥራ ወጣቶች ላይ ኦቲዝም የሚመስል ጸባይ ምን ያህል እንዳለ መለካት ነው። ሌሎቹ በሩብ ሰዓት ሞልተው ውልቅ አሉ። አንዲት ልጅ ብቻ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቀረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከሹራቧ አንገት ላይ የፋብሪካ ምልክት ያለበትን ጨርቅ በመቀስ ቆርጣ ጥላዋለች።

"የሰው ዓይን እያየሁ ማውራት ይቀለኛል" የሚለው ላይ ስትደርስ እጇን አወጣች።

"እትዬ፣ የምሞላው ሰው የሚያየውን ነው ወይስ እኔ የማውቀውን?"

"እውነቱን ሙይ፣ የኔ ልጅ።"

"ሁለቱም እውነት ነው። ወንድሜ ትናንት መጥቶ ሞልቷል፤ እሱ ላይ ጸባዩ ያው በግልጽ ይታያል። እኔን ግን ጨዋታ አዋቂ ነው የሚሉኝ። ስንት ዓመት እንደተለማመድኩት ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"

"ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ነው" አልኳት፤ ትዕግሥቴም አልቆ ነበር።

ከቦርሳዋ ማስመሪያ አውጥታ ሃምሳውንም የመልስ ሳጥን አንድ በአንድ ለሁለት ከፈለች። ከዚያ እንደገና ከተራ ቁጥር አንድ ጀመረች። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ስትገለብጥ እንኳ ቀና አላለችም።

ስትጨርስ ወረቀቱን አስረከበችኝና ፊት ለፊት እያየችኝ ፈገግ አለች።

"አመሰግናለሁ፣ እትዬ። ደህና ይዋሉ።"

እንዴት ያለች ተግባቢ ልጅ ናት አልኩ በልቤ።

እንደወጣች ያንን ጥያቄ ፈልጌ አየሁት። በግራው ሳጥን "አዎ" ይላል። በቀኙ "አይ"፤ ከሥሩም በደቃቅ ጽሑፍ፦ "የማየው ቅንድባቸው መሃል ነው። እስከ ዛሬ ማንም አልነቃብኝም።"

እጄ ሳላውቀው ወደ ቅንድቤ ሄደ።