በውሰት ኮት የገባሁበት በር

መጀመሪያ ሳል ነበር። ከባቱ የሚመጣ ሽንኩርት ከአይሱዙ የማራግፍ ሰው ነኝ። የገለፈቱ ብናኝ ነው ብዬ ሁለት ወር አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ሠራሁ። ከዚያ ደም ተፋሁ።

አዳማ፣ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጥበቃው የሥራ ልብሴን አየና "አንተ፣ እዚያ ጥግ ቁም" አለኝ። ቆምኩ። ደረቴን ይወጋኛል። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ አንድ ባንድ እየለቀምኩ ነው የማነበው፦ "እሴቶቻችን፦ ታካሚን ማክበር፣ ለሁሉም እኩል አገልግሎት።" ይህቺን እስክጨርስ ከኋላዬ የመጡ፣ ጫማቸው የተወለወለ ስድስት ሰዎች ገቡ። ሰዓት አለቀ ተባልኩ። በማግስቱም ያው።

በሦስተኛው ቀን ሚስቴ የጎረቤታችንን የመምህሩን ኮት ተውሳ አለበሰችኝ። "አሁን ሰው መሰልክ" ብላ ሳቀች። ያው ጥበቃ ብድግ አለ። "ጋሼ፣ በዚህ ይግቡ።"

በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እንደ እኔ ይስላሉ። "ኦቦ፣ ተራው የኔ ነው" አሉኝ።

አልፌያቸው ገባሁ።

አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚሉት መሣሪያ ታየ። "የሳንባ ቲቢ ነው" አለኝ ሐኪሙ። "ስድስት ወር መድኃኒት ይወስዳሉ፣ በነፃ ነው። ቤተሰብዎን ያምጡ።" አመጣኋቸው። የአራት ዓመት ልጄ ላይ ተገኘ። በሩ ላይ በተመለስኩባቸው ሁለት ቀናት ይሆን የያዛት ብዬ ጠየቅሁት። "አይታወቅም" አለ። እኔም አላውቅም። ሁለቱ ወር የኔ ጥፋት ነው። ሁለቱ ቀን ግን የእነሱ ነው፣ ይቅር አልልም።

የቲቢ ክፍሏ ሲስተር ሌላ ሰው ናት። መስኮቱን ከፍታ፣ ባለ ኮቱንም ባለ ሸበጡንም በመጣበት ተራ እየጠራች፣ የልጄን ኪኒን በውኃ አሟሙታ አፏ ድረስ እያደረሰች፣ ሁላችንንም "እርስዎ" ትለን ነበር። ሳሉ ቀለለኝ፣ የሌሊት ላቡ ተወኝ፣ ልጄም ምግብ መጠየቅ ጀመረች። አንድ ቀን በሥራ ልብሴ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አሮጊቷ አጠገቤ ሆኑ። አላወቁኝም።

"አንድ ኮታም ቀደመኝና ያን ቀን ሳልታይ ቀረሁ" አሉኝ። "ተናድጄ ደራ፣ ቤቴ ተመለስኩ። ልጄ ጎትታ ያመጣችኝ ደም ስተፋ ነው።"

"እኔ ነኝ እማማ" አልኳቸው። "ኮቱ የሰው ነው።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"በል ተነስ" አሉ። "ከኔ ኋላ ተቀመጥ።"

ተነሳሁ። መድኃኒቴን እስክጨርስ ከእሳቸው ኋላ ተቀመጥኩ። እኔም ልጄም እማማም ድነናል። ሲስተርን እግዜር ይስጥልኝ። እማማንም፣ ኋላቸው ስላስቀመጡኝ።

እናንተ የምትስሉ፣ ሁለት ሳምንት ካለፋችሁ አትጠብቁ፣ ተመርመሩ። ሲሻላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። የሚያገልላችሁ ካለ ግድግዳው ላይ የጻፉትን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፣ ማንበብ ለማይችለውም ጭምር። ኮት ግን አትዋሱ። እኔ በዚያ ኮት የገባሁት በሰው ሳንባ ላይ ተራምጄ ነው።