ታድግበታለች

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላማዊትና ባለቤቷ ሊያን ይዘው የልጆች ባለ አራት ጎማ ሞተር ሊገዙላት ሲወጡ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኳቸው። ማንም አልጠራኝም። ስላላመንኳቸው ነው የሄድኩት። ሊያ የልጅ ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ከሐረር ወጣ ብሎ ማሳ ስላለው፣ «እዚያ ሜዳ ላይ ነው የምትነዳው፤ አራት ጎማ ደግሞ አይወድቅም» ይላል። እኔ ግን አይወድቅም የተባለ ነገር ሲወድቅ እያየሁ ነው ያረጀሁት።

ሱቁ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ባጃጆች በሚተራመሱበት በአዲሱ ከተማ ነው። አንዷ አነስ ያለች ቀይ፣ ሌላው ሰፋ ያለ ሰማያዊ ሞተር ጎን ለጎን ቆመዋል። ሰማያዊው ላይ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል፤ የቀይዋ ግን እንዳለ ነው።

«ይሄን ማን ላጠው?» አልኩት ሻጩን።

«ፀሐይ ነው እማማ።»

«ፀሐይዋ ቀይዋን አታውቃትም?»

ሻጩ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ይሄኔ አማቼ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ትንሿ በዓመቱ ታንስባታለች። ትልቁን እንውሰድ፣ ታድግበታለች» አለ።

ይቺን ቃል ስሰማ የግራ እጄን አንጓ ያዝ አደረግኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መኪና ግርግር በሚባለው፣ የስፌት መኪና ጩኸት ሰው በማያደማምጥበት የጀጎል መንገድ ላይ ነበር የሚሰፋው። ለሰው ሲሰፋ አንድ ጣት አይስትም። ለእኛ ለልጆቹ ሲሆን ግን ጫፉን አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፎ፣ «ታድግበታለች» ይላል። በየመስከረሙ እጥፋቱ ሲፈታ ቀሚሴ ከላይ የገረጣ፣ ከታች አዲስ ይሆናል። በጀርባዬ እንኳ የማን ልጅ እንደሆንኩ ይታወቅ ነበር።

አምስተኛ ክፍል አንደኛ ስወጣ፣ በገባልኝ ቃል መሠረት ብስክሌት ሊገዛልኝ ተነሳ። ለሴት ልጅ ብስክሌት! ጎረቤቱ ጉድ አለ። ይዞኝ ፈረስ መጋላ ገበያ አጠገብ አሮጌ ብስክሌት እያደሰ ወደሚሸጠው ወደ አብዶሽ ሄደ። አባባ ሰው አያምንም። ቀለሙን በጥፍሩ ፋቀ፣ ሰንሰለቱን አሸተተ፣ ብየዳ ፍለጋ ብስክሌቱን ገለበጠው።

«ይሄ ቀለም ምን ይደብቃል አብዶሽ?»

«ዝገት ነዋ ጋሽ ተሰማ! ወላሂ፣ ብስክሌት ነው የምሸጥልዎ፣ ሙሽራ አይደለም።»

አባባ ራሱ ወጥቶበት አሥር ጊዜ እየነዳ አሥር ጊዜ ፍሬን ያዘ። አሥሩንም ጊዜ ቆመለት። አብዶሽ እኔን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ከፍ አላለባትም? ያቺ ትንሿ ትሻላታለች» አለ። አባባ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «አየሽ፣ ትንሿ አልሸጥ ብላው ነው» አለኝ። ትልቁን ገዛ።

ወሩ የማንጎ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ልጣጭ። ለጥቂት ቀናት አባባ ከሐረር በር ውጭ ባለው ሜዳማ መንገድ ኮርቻውን ይዞ አስለመደኝ። እግሬ መሬት አይነካም፤ ለመውረድ መዝለል ነበረብኝ። አንድ ጠዋት ግን፣ ሳምቡሳ ግዢ ተብዬ ስላክ፣ ብቻዬን ይዤው ወጣሁና ወደ ኤረር በር የሚወርደውን ቁልቁለት ጀመርኩት። ግንቦቹ በሁለቱም በኩል እየፈጠኑ ያልፋሉ። ከታች አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው እያቃሰቱ ይወጣሉ። ፍሬኑን ጨበጥኩ። መጨበጥ ካሉት፤ የጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነው የደረሰው። እሳቸውን ላለመምታት ግንቡን መታሁ።

እኚያው እናት እንጨታቸውን ጥለው አነሱኝ። ከአንድ ደጃፍ ሴቶች ወጥተው ቁጢ፣ የቡና ቅጠል የተፈላበት ወተት፣ አጠጡኝ። እስከ ዛሬ ቁጢ ስጠጣ አንጓዬን ያመኛል።

አባባ የተሰበረውን ግራ አንጓዬን በወጌሻ ባሳሰረ ማግስት ብስክሌቱን በትከሻው፣ እኔን በቀኝ እጄ ይዞ አብዶሽ ደጅ ደረሰ። «የሞተ ፍሬን ሸጥክልኝ!» ብሎ ሲጮህ ገበያው ተሰበሰበ። አብዶሽ አልጮኸም። የኋላ ጎማውን አንስቶ በኃይል አሽከረከረና፣ «ይያዙት» አለው። አባባ ያዘ። ጎማው ቀጥ አለ።

«አሁን እሷ ትያዘው።»

በደህናው እጄ ሞከርኩ። ጎማው መዞሩን አልተወም።

አባባ ጣቶቼን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደ። ያን ሁሉ ቀን፣ ብስክሌቱን ሲገዛም ሳይቀር፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። ከመሪው እስከ ፍሬኑ ለካ። ጣቴን ለካ።

«ጋሽ ተሰማ፣» አለ አብዶሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቀሚስ ቢረዝም ይታጠፋል። ብስክሌት ምኑ ይታጠፋል?»

ያ ሜትር ዛሬ ቁጥሩ ተፋፍቆ ቦርሳዬ ውስጥ ይኖራል። ሱቁ ውስጥ አወጣሁት። አማቼ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤ ይየው። ሊያን ሰማያዊው ላይ አስቀመጥኳት፤ እግሯ መርገጫውን በጣት ጫፍ ነካ፣ ፍሬኑንም እንደዚያው። ቀይዋ ላይ ቆም ስትል ጉልበቷ እጥፍ አለ፣ ጣቶቿም ፍሬኑን ጥቅልል አደረጉት። ሞተሩ በርቶ የማጥፊያውን ገመድ መዘዝኩት፤ ቀጥ አለ። ፍጥነቱን የሚገታውን ብሎን ሻጩ እስከ መጨረሻው እንዲያስረው አደረግኩ። ሻጩ ይሄን ሁሉ ታገሰና ሄልሜት አመጣ። አጠለቅኩላት። ራሷን ስታዞር ሄልሜቱ ወደ ፊት እያየ ቀረ።

«እሱ እንኳ ችግር የለውም እማማ፣» አለ ሻጩ፣ «ታድግ...» ዓይኔን ሲያይ ቃሉን ዋጠው።

ቀይዋ ተመረጠች፤ ልኳ የሆነ ሄልሜት እስኪመጣ ግን ከሱቅ አትወጣም አልኩ። ሰላማዊትም «እውነቷን ነው» አለች።

አባባ ሻጩን ሲጠረጥር ልጁን ማየት ረሳ፤ የነገዋን እኔን እያየ የዚያን ቀኗን ሳያያት ቀረ። በፍቅር ነው ያደረገው፤ እኔ በጣም የምጠረጥረውም የዚያን ዓይነቱን ስህተት ነው።

ባጃጅ ውስጥ ሊያ አኩርፋኝ ፊቷን አዞረች። ግማሽ መንገድ ላይ ጣቶቿን በጠማማው አንጓዬ ዙሪያ ጠመጠመች። ጫፍና ጫፉ ሳይገናኝ ቀረ።

«አይደርስም» አለች፣ ኩርፊያዋን ሳትተው።

«አያስቸኩልም» አልኳት።