ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተያዙት

ባለቤቴ ሰይድ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ነበር የምንሠራው፤ እኔ ዛሬም እዚያው ጸሐፊ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የቢሮው ኢሜይል ወደ አዲስ ሰርቨር ተዛወረና፣ ማን መቼ እንደሚመቸው የሚያሳየው የጋራ ካላንደር ተበላሸ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ፣ «ማታ የሚበሩትን እንግዶች ዛሬ ሁላችንም ካላገኘናቸው ውሉ ቀረ» ብለውኛል። ኮምፒውተር የምታስተካክለው ሜሮን አጠገቤ ተቀምጣ ስትነካካው ቆየች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ተስተካክሏል። ግን ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በየቀኑ አንድ ሰው ተይዟል። ዛሬ ተራው የጋሽ ከበደ ነው።»

«የምን ተራ?» አልኳት።

ሒሳብ ሹሙ ከበደ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሜሪ፣ በእናትሽ እንዳትከፍቺው!»

«ምን ደብቀህ ነው ጋሼ? ሚስጥር የተባለውን ሁሉ እኮ አዲሱ ሰርቨር ገልጦታል» ብላ እየሳቀች ከፈተችው።

ሳቋ ወዲያው ጠፋ። ቀጠሮውን የያዘው ሰው ስም የባለቤቴ ነበር።

«ሆስፒታል ሳለ ነው የላከልን» አለ ከበደ አንገቱን ደፍቶ። «አንቺ እንዳታውቂ አደራ ብሎን።»

አነበብኩት። «ዘሃራ የታክሲ ሰልፍ አትችልም። በየተራ በመኪናችሁ የካ አባዶ ቤታችን ድረስ አድርሱልኝ። ዘመድ ልንጠይቅ ነው በሏት» ይላል።

እኔ እኮ የቢሮው ሰው ሁሉ የካ አባዶ ዘመድ ያለው መስሎኝ፣ ለከበደ አክስት በኪሎ ብርቱካን እየላክኩ ከርሜያለሁ።