ለዳባት መንገድ የጻፍኩት የስንብት ግጥም

ከደባርቅ ወጥቼ ዳባት ፎቶ ኮፒ ቤት ልሠራ ስነሳ የስንብት ግጥም ጻፍኩ። ግጥሙ ውስጥ ባሕር ነበረ፤ ሚኒባሱ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ያኔ ከእኔ በላይ እኔን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበርና እናቴ ፊት ቆሜ፣ «ከፋሲካ በፊት አታዪኝም። እኔ ቤት የሚናፍቀኝ ሰው አይደለሁም» አልኳት።

እሷም የበኩሏን ተናገረች። «እኔስ ባዶ ቤት ውስጥ እህል አይወርድልኝም። ያንን አልጋህን ባየሁት ቁጥር አለቅሳለሁ።»

ሁለታችንም ከልባችን ነበር።

ዳባት ክፉ አልነበረችም። አሠሪዬ ደግ ነው፣ ሥራውም ቀላል። እኔ ግን ማሽኑ የመታወቂያ ኮፒ ሲተፋ እያየሁ የእናቴ ሳል ይናፍቀኛል። ማታ ማታ ግጥም እጽፋለሁ ያለው ሰውዬ ማታ ማታ ጣሪያ ያያል። የነቢያት ጾም እንኳ ሳይገባ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአሠሪዬ «ምናልባት አልመለስ ይሆናል» ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ተሳፈርኩ። በሐሳቤ፣ እናቴ እያለቀሰች «ሥራው ይቅርብህ፣ ልጄ» ትለኛለች፤ እኔም በግድ የተስማማሁ መስዬ እሺ እላታለሁ። መንገዱን ሙሉ ፊቴን አሳዛኝ የማደርግበትን ዘዴ ሳጠና ነበር።

በሩን ስከፍት ቤቱ በሳቅ ተሞልቷል። አልጋዬ ላይ ሁለት ልጃገረዶች እግራቸውን አጣጥፈው የቤት ሥራ ይሠራሉ። እናቴ አጠገባቸው ምስር ትለቅማለች። ወፍራለች።

«ከጃናሞራ ናቸው፤ እዚህ ነው የሚማሩት» አለችኝ። «ክፍልህን አከራየኋቸው። እንዴት ያሉ ወሬኞች መሰሉህ።»

«እንባውስ?» አልኳት።

«የምን እንባ?»

አንደኛዋ ልጅ ቀና አለች። «እትዬ፣ ገጣሚው ልጅዎ ይኼ ነው?»

«እሱ ነው። ከፋሲካ በፊት አልመጣም ያለው።»

«ፋሲካ ደረሰ እንዴ?» አለች ሌላዋ፣ አፏን በደብተሯ ሸፍና።

እናቴ ሻንጣዬን አየት አደረገች። «ታድራለህ?» አለችኝ፣ እንግዳ እንደሚጠየቅ። «መደቡ ላይ አነጥፍልሃለሁ።»

«አይ፣ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው።»

«በዚህ ሁሉ ሻንጣ?»

 ቆሎ በፌስታል ሞላችልኝና በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሆድ ይብሰኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ መንገድ ላይ ያለችው ወቀን ከተማ ሳንደርስ ቆሎውን ጨርሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደዚያ ከተኛሁ ሳምንታት አልፈው ነበር።

ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ወንድም፣ ዳባት ነው። ትወርዳለህ?»

«እወርዳለሁ» አልኩት።