እልል ያልተባለለት ዝምታ

ልጄ ባለፈው ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማዬ፣ ይሄን እይ» አለችኝ። ድሮ የተጻፉ የፈረንጅ ልቦለዶችን በዛሬ ሰው እየቀየሩ እንደገና ይጽፏቸዋል አሉ። ባለሠረገላው መኪና ይነዳል፣ ደብዳቤው በስልክ ይላካል፤ ፍቅሩ ግን ንጹህ ነው፣ ነውር የሚባል ነገር አይገባበትም። አዲስ ነገር ነው ብላ ልታስተምረኝ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ይሄንን እኮ እኛ ነገሌ ላይ ሠርተን ጨርሰነዋል፤ ያውም ሰው ድረንበታል» አልኳት። አላመነችኝም። እንግዲህ ትስማ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሶማሊያው ጦርነት አልፎ ሱቆች እንደገና የተከፈቱበት ጊዜ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ነገሌ ቦረና ገበያው ጥግ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ከሱቁ ጀርባ፣ በስስ ኮምፔልሳቶ ብቻ የተለየች ጓዳ አለች፤ እዚያ የአባቴ ታናሽ እህት የስፌት መኪናዋን ይዛ ትውላለች። እንደ ኦሮምኛው «አዳዳ» ነበር የምላት፣ የአባቴ እህት ማለት ነው። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ሞተው አባቴ ነው ያሳደጋት። ቆንጆ ናት፣ እጇ ወርቅ ነው፣ አፍ ግን የላትም። ስትቆጣም ዝም፣ ስትደሰትም ዝም። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ታሞግሳታለች። እኔን ደግሞ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮውን ሸጦ ይምጣ» ትለኛለች።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ልቦለድ አዋሰኝ። «መዝገበ ቃላት ይዘሽ ተፋለሚው» አለኝ። ተፋለምኩት! ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እናት አባት የሌላት ልጅ አጎቷ ቤት ታድጋለች። አጎቷ ለአንድ ትልቅ ባለርስት ሊሰጣት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ የቤቱን የግድግዳ ሰዓት ሊጠግን የሚመጣውን ወጣት ትወዳለች። ሁለት ምዕራፍ እንዳነበብኩ ሆዴ ሊፈነዳ ደረሰ። ለሰው ካልነገርኩ የምሞት መሰለኝ፤ ሮጬ ጓዳ ገባሁ።

ከአስር ሰላት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል እናቴ እዚያ ትቀመጣለች። ጎረቤታችን፣ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ሹራቧን ይዛ ትመጣለች። ወተት የሚያመጡልን ቦረና እናትም ማሰሯቸውን ባዶ አድርገው «ናጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ያርፋሉ። ገና አፌን ስከፍት እናቴ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ቆይ! መሳሳም አለበት?»

«ትንሽ።»

«ትንሽም ብዙም እዚህ ጓዳ አይገባም! በር ዘግቶ ሁለት ብቻ መቀመጥም አይገባም!»

«እሺ እማ፣ ሲሳሳሙ እዘለዋለሁ።»

«ከዘለልሽው ለምን ትነግሪኛለሽ ታዲያ! አስተካክለሽ ንገሪ።»

አስተካከልኩ። «ባለርስት» ስል ሰብሳቢዋ ሹራቧን ጣል አድርጋ «የምን ባለርስት? መሬት ላራሹ ታውጆ የለም እንዴ!» ብላ ጮኸች። ባለርስቱ በአንድ አፍታ የአሬሮ ግመል ነጋዴ ሆነ። የዳንሱ አዳራሽ ሀገረ ማርያም ላይ የተደገሰ ሠርግ ሆነ። ሰዓት ጠጋኙ ጋ ስደርስ ወተት አምጪዋ እናት በኦሮምኛ «ሰዓት ደግሞ ማን ያስጠግናል? ፀሐይዋ አለች አይደል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዓይኔ በበሩ ወጣ አለና ከሱቃችን ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሬዲዮ የሚጠግነውን ወጣት አየሁ። «እሺ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ይሁን!» አልኩ። የአዳዳ የስፌት መኪና ቀጥ አለ። ክር ተበጠሰብኝ ብላ አጎነበሰች።

እኔ ምኑን አውቄ! ታሪኩ እንዴት እንደሚጣፍጥ ብቻ ነበር የማስበው። በልቦለዱ ልጅቷ ሰዓቱን እየነካካች ታበላሻለች፤ ወጣቱ ተመልሶ እንዲመጣ። እኔም በሬዲዮ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። በሳምንቱ የአባቴ ሬዲዮ ልክ ዜና ሲጀምር ዝም አለ። አባቴ መታው፣ ነቀነቀው፣ ረገመው። አዳዳ ቀስ ብላ «እኔ ላሠራው» አለች። ያቺ አፍ የሌላት ሰው! ለብቻዋ መሄድ ነውር ስለሆነ እኔ ተከትያት ሄድኩ። ልጁ ቀና ብሎ «አካም?» አላት። «ናጋ» አለችው፣ ወደ መሬት እያየች። ይኼው ነው፣ ሌላ የለም። ሽቦዋን አያይዞ ሬዲዮውን ሲሰጣት ግን ሂሳቡን መቀበል ረሳ፤ እኔም መሃል ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። ሬዲዮው ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘም።

ውይ ያ ወቅት! ቀን ትምህርት ቤት እቀመጣለሁ እንጂ ልቤ ጓዳ ነው። በእረፍት ሰዓት መዝገበ ቃላቴን እያገላበጥኩ አነባለሁ፣ ከአስር በኋላ አወራለሁ። ሴቶቹ «ሬዲዮ ጠጋኙ ምን አለ?» ብለው ገና ከበር ይይዙኛል። እናቴ ራሷ ወጥ ጥዳ ትረሳው ጀመር።

መሃል ላይ እውነተኛው ነገር መጣ። የአባቴ የንግድ ወዳጅ የሆነ፣ ፊልቱ ላይ ከብት የሚያሻሽጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሀብታም ሰው አዳዳን ጠይቆ ሽማግሌ ላከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም የተከበረ ነው። አባቴ ደስ ብሎት ቃል ሰጠ። አዳዳን ማንም የጠየቃት የለም፤ እሷም ዝም አለች። የኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ቀን ተቆረጠ።

በማግስቱ ጓዳ ሁለታችን ብቻ ስንሆን አዳዳ የስፌት መኪናውን አቆመችና ዓይኔን ሳታይ «ልጅቷን እንዴት ነው የምታወጪያት?» አለችኝ።

«የቷን?»

«የመጽሐፉን።» እንባዋ በምትሰፋው ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። «አጎቷ እኮ አሳድጓታል። አብልቷታል፣ አልብሷታል። እምቢ የሚል አፍ ከየት ታመጣለች?»

ያኔ ገባኝ። የምትጠይቀኝ ለራሷ ነው። «አዳዳ፣ አወጣታለሁ!» አልኳት፣ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድፍረት።

ቤት ገብቼ መጨረሻውን አነበብኩ። ልጅቷ በጨለማ በመስኮት ዘላ ከወጣቱ ጋር በጀልባ ትጠፋለች። በልቤ አጨበጨብኩ! በነጋታው ጀልባውን ወደ ሐዋሳ በሚሄድ የጭነት መኪና ለውጬ ስነግራቸው ግን ጓዳው እሳት ሆነ።

«ጠፋች?» አለች እናቴ። «ከወንድ ጋር? ኒካ ሳይታሰር? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ይቺን ልጅ ስወዳት ከርሜ ዛሬ አበላሸሽብኝ። ይሄ ንጹህ አይደለም፣ መልሻት!»

«መጽሐፉ እኮ ነው ያለው፣ እማ!»

«መጽሐፉ ነገሌን አያውቅም!»

ሰብሳቢዋም ከእናቴ ጋር አበረች። አዳዳን አየኋት፤ ራሷን ወዘወዘች። እሷም መጥፋት አልፈለገችም። የወንድሟን ፊት አፈር ማልበስ አትችልም። እኔ ተናደድኩ፤ «እንግዲያስ ነጋዴው ይውሰዳት!» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ወተት አምጪዋ እናት ቀና አሉ። «ማሎ፣ ኧረ እባካችሁ!» አሉ፣ «ላም እንኳ ካልወደደች አትታለብም። እናንተ ዘንድ ልጅቷን የሚጠይቃት የለም?»

እናቴ ገርሟት አየቻቸው። «ትጠየቃለች እንጂ! ኒካ ሲታሰር ምስክሮቹ መጋረጃው ድረስ መጥተው ይጠይቋታል። ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አለቀ።»

«ዝም ካላለችስ?»

«እንጃ» አለች እናቴ። እንደዚያ ሲሆን አይታ አታውቅም። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ! ልጅቷን ከጭነት መኪናው አወረድኳት፣ ወደ አጎቷ ቤት መለስኳት፣ መጋረጃው ጀርባ አስቀመጥኳት። ምስክሮቹ መጡ፣ ጠየቋት። «እሷም በጠራ ድምፅ 'አልፈልግም' አለች!» ብዬ ጮኽኩ። ሰብሳቢዋ አጨበጨበች። እናቴ ብዙ አሰላሰለችና «የሚጠይቋት መልስ ቢኖራት አይደል» አለች። «ይሄ ነውር የለበትም።»

የኒካው ቀን ደረሰ። ወንዶቹ ከሼኩ ጋር ፊት ለፊት ክፍል፣ ሴቶቹ ጓዳ። አዳዳን አልብሰን መሃል አስቀመጥናት፤ እጇን ያዝኩት፣ በረዶ ነው። የምስክሮቹ እግር መጋረጃው ሥር ታየ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ የሰውየውን ስም ጠርቶ «ለእሱ ለመዳር ወንድምሽን ወክለሻል?» አላት።

አዳዳ ዝም።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ያ ሁሉ ወሬዬ ገደል ገባ! አሁን እልል ይሉና ያልቃል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠበቅኩ፣ እልልታው አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሰብሳቢዋ መሬት መሬት ታያለች። ወተት አምጪዋ እናት ከንፈራቸውን ነክሰው አዳዳን ብቻ ያያሉ። አንዲት ከፊልቱ የመጣች እንግዳ ለእልልታ ምላሷን ልታነሳ ስትል እናቴ ጭኗን ቆነጠጠቻት።

ከመጋረጃው ወዲያ ምስክሩ ግራ ገባው። «ምነው? እልልታው የት ገባ?»

«አልሰማችም መሰል» አለች እናቴ። «እንደገና ጠይቋት።»

ጠየቋት። አዳዳ እጄን አጥንቴ እስኪሰማኝ ጨመቀችና «ወንድሜን አከብራለሁ፤ ይሄን ጋብቻ ግን አልፈልግም» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ማናችንም አናውቅም ነበር።

ከወንዶቹ ክፍል የፊልቱ ሽማግሌ «አልፈልግም ያለችን ወስደን ምን ልንሆን? ኒካውም አይታሰር» ሲል ሰማን። ቡናቸውን ሳይጨርሱ በክብር ተነስተው ሄዱ። አባቴ በእፍረት ጥቁር አለ። ለብዙ ቀን ከማናችንም ጋር አልተነጋገረም፤ እኔም ፈርቼ ወሬዬን አቆምኩ። ጓዳዋ ለቅሶ ቤት መሰለች።

አንድ ቀን ከአስር በኋላ እንደዚያው ተኮራምተን ተቀምጠን፣ ከኮምፔልሳቶው ወዲያ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ልጅቷ እምቢ ካለች በኋላ ምን ሆነች?»

ሁላችንም ደነገጥን። ወይ ጉድ! ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር እንጂ የአባቴ ጆሮ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሱቅ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ከርሟል!

«ንገሪኝ እንጂ! ሬዲዮ ጠጋኙስ?»

መጽሐፉ ይሄን የለውም። ከራሴ ፈጠርኩ። «አባ… ሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ መላክ ይፈልጋል። ግን ድሃ ነው፣ አጎቷን ይፈራል።»

ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሰማነው። «ይላክ በይው» አለ። «ሬዲዮዬን በየሳምንቱ ሲፈታና ሲገጥም የማላውቅ መሰለው እንዴ?»

አዳዳ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እናቴ ስታለቅስ ወተት አምጪዋ እናት «ዋቆ!» እያሉ፣ አምላካቸውን እየጠሩ ይስቃሉ። እኔማ ልቤ ሊወጣ ነበር፤ መንገዱን ተሻግሬ ለልጁ ለመንገር ስነሳ እናቴ በቀሚሴ ጎትታ አስቀመጠችኝ። «ነውር ነው! በትልቅ ሰው ይነገረዋል።»

ተነገረው፣ ላከ፣ ቀን ተቆረጠ። ያው ጓዳ፣ ያው መጋረጃ፣ እኛው ሴቶች። የምስክሮቹ እግር መጣ። ጠየቋት። አዳዳ ፊቷ ፈክቶ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ እንደ ደንቡ ዝም አለች።

እኛም ዝም አልን። ፈዘን፣ አፏን እያየን፣ እንድትናገር እንጠብቃለን።

አዳዳ በክርኗ ጎኔን ጎሰመችኝ። «እልል በይ እንጂ፣ አንቺ!»